ዓይኗን ያልከለለችበት ምሽት

ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ፣ ፒክአፔ በርበሬ እንደጫነች ዳገት መሃል ትቁምብኝ፤ ወላሂ! ሾፌር በዚህ ሲምል ቀልድ የለም። ሸምሶ ያጋንናል የሚሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ቡታጅራ አሉ፣ ወልቂጤም አሉ፣ በመሃል ባሉት መንደሮችም አይጠፉም። እነሱ የሚያወሩት ስለ ሌላ ታሪክ ነው። ይሄኛው ምስክር አለው። ምስክሬ ባለቤቴ መሕቡባ ናት፤ ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ የልጃችንን ሹራብ ቁልፍ እየሰፋች ነው።

እንግዲህ ስሙ።

ያን ጊዜ በመስቃን ምድር እንደ እኔ በርበሬ የሚጭን፣ እንደ እኔ መሪ የሚያውቅ፣ እንደ እኔ የሚፈለግ ላጤ አልነበረም። አርባ ልደፍን ትንሽ ቢቀረኝም ከሃያ አምስት በላይ የሚገምተኝ ሰው አላጋጠመኝም። ፒክአፔ ላይ ደግሞ ኤልኢዲ መብራት አስገብቼ ነበር። ተራ ኤልኢዲ እንዳይመስላችሁ። ቡታጅራ ላይ ሳበራው ጉብሬ ያሉ ዶሮዎች ነጋ ብለው ይጮኻሉ። አንድ ቀን ረጅሙን መብራት ስለቀው አታት ያሉ አንዲት እናት ፀሐይ ወጣች ብለው እርጥብ ልብስ አሰጡ፤ ደረቀላቸው ይባላል።

ከፊት ለፊቴ የሚመጣ ሰው ምን ያያል የሚለውን ጉዳይ ለእሱ ለራሱ ትቼለት ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከቡታጅራ በርበሬ ጭኜ ወደ ወልቂጤ ስሄድ፣ ጉብሬን አለፍ እንዳልኩ ከፊቴ አንዲት ባጃጅ መጣች። መብራቴ ሲያርፍባት መንገዱ መሃል ቀጥ አለች። ሾፌሯ በአንድ እጇ ዓይኗን ከልላለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይገጫት ነበር። እኔ ግን መሪዬን ጠምዝዤ፣ በመካከላችን ወረቀት እንኳ የማታሳልፍ ክፍተት ትቼ አለፍኳትና፣ ለጥንቃቄ ስል ቦይ ውስጥ ገባሁ።

ፒክአፔ በአፍንጫዋ ጭቃው ውስጥ ተተከለች። ጆንያዎቹ ፈነዱ። የበርበሬ ዛላ አስፋልቱን አቀላው።

«ወንድሜ! ተረፍክ? በአላህ ተናገር!»

ባጃጇን የምትነዳው ሴት ናት። ሻርፗ ወደ ትከሻዋ ወርዷል፣ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። እስቲ አስቡት፤ ያሳወራትን ሰው እንዲህ የምትለማመጥ ሴት የት አለ? ግርማ ሞገሴ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«ተርፌያለሁ። እንዲህ ያለው ነገር ለእኔ ምንም አይደለም» አልኩና ልወርድ ስል ግንባሬ በሩን መታው።

እሷ ተንበርክካ በባዶ እጇ ዛላውን ትለቅም ጀመር። እኔም አጠገቧ ተንበረከክሁ። የበርበሬው አቧራ አፍንጫችን ገባ። እሷ ታስነጥሳለች፣ እኔ አስነጥሳለሁ። ያየን ሰው ሐዘን የተቀመጥን ይመስለው ነበር።

«በዚህ እጅሽ ዓይንሽን እንዳትነኪ» አልኳት።

«ነክቻለሁ» አለች፤ እንባዋ ይወርዳል።

ከጀሪካኔ ውሃ አፈሰስኩላት። ውሃው በጣቶቿ መካከል ሲወርድ ሁለታችንም ዝም አልን። በሕይወቴ ዝም ካልኩባቸው ጊዜያት ረጅሙ ያ ነው።

ዝምታውን የሰበረው ታላቅ ወንድሟ ዑመይር ነው። ጉብሬ ዳቦ ቤት አለው፤ ባጃጇንም የገዛላት እሱ ነው። ወሬው ደርሶት በሰው ሞተር ሳይክል እየበረረ መጣ። ገና ሳይወርድ ይጮኻል።

«መሕቡባ! አላልኩሽም? አንዲት አደጋ ብታደርሺ እሸጣታለሁ አላልኩሽም? በቃ! ነገ ባጃጇ ትሸጣለች!»

መሕቡባ ፊቷ አመድ መሰለ። እጇ አሁንም ከውሃው እርጥብ ነው። ያቺ ባጃጅ እንጀራዋ ብቻ አልነበረችም፤ ከዳቦ ቤቱ ጓዳ ያወጣቻት እሷ ናት።

«ቆይ እንጂ አንተ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ልጅቷ ምን አደረገች? ያሳወራት የእኔ መብራት ነው። እንዲህ ያለ መብራት በአገሩ የለም!»

ዑመይር አፈጠጠብኝ። «እየኮራህ ነው እንዴ?»

«እውነቱን ነው የምነግርህ።»

መሕቡባ ቀና ብላ አየችኝ። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። እንደገና አየችኝ። የበርበሬ ዛላ እጇ ላይ ይዛ፣ በእንባ በቀላ ዓይን፣ እንዲያው ዝም ብላ አየችኝ። በፍቅር የወደቀች ሴት እንዲህ ነው የምታየው፤ እኔ ይህን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

«አሁን ጭቃ ውስጥ ነው፤ ነገ ቡታጅራ መጥቼ መብራትህን በዓይኔ አያለሁ» አለ ዑመይር። «ሰው የሚያሳውር ከሆነ ለትራፊክ ነው የማስረክብህ!»

መጣም። ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው። ሌሊት ከቦይ ያስወጣኋትን ፒክአፔን ዞር ዞር ብሎ አያትና አንገቱን በመስኮት አስገባ።

«የአምፖሉ ካርቶን ገና ወንበሩ ላይ ነው። ዛሬ የገዛኸው ይመስላል።»

«ንጹሕ ሰው ነኝ። ዕቃ አያያዝ አውቃለሁ።»

አበራሁለት። ወደ ኋላ ዘሎ አጥሩ ላይ ተለጠፈ። «ያ አላህ! ይሄማ መሣሪያ ነው!»

«አላልኩህም?» አልኩ።

ያን ምሽት ስልኬ ጠራ። በርበሬውን በባጃጇ እስከ ወልቂጤ ስላደረሰችልኝ ቁጥሬ ነበራት።

«ለምን?» አለችኝ፤ ሰላምታ የለ ምን የለ።

«ምኑ ለምን?»

«ለምን እንደዚያ አልክ?»

«እውነት ስለሆነ ነዋ!»

በስልኩ ውስጥ የባጃጇ ሞተር ብቻ ይሰማኛል። የደወለችው ትሕትናዬ ገርሟት ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ አመሻሽ ላይ ሳትደውልልኝ ቀርታ አታውቅም። ወልቂጤ ስደርስ ሻይ እንጠጣለን። እኔ አወራለሁ፣ እሷ ብርጭቆዋን እያዞረች ታዳምጣለች። ልሂድ ስላት ከብርጭቆው ላይ ዓይኗን የምታነሳበት አነሳስ ነበራት፤ እሱን ለማየት ብዬ ብቻ ደጋግሜ ልሂድ እል ነበር።

ሽማግሌ ልልክ መሆኔን ስትነግረው ዑመይር ዳቦው ተቃጠለበት።

«መብራተኛው ነው የሚያገባሽ? እሺ! መጀመሪያ መብራቱን ያስተካክል። ሽማግሌዎቹን በዚያችው መኪና ጭኖ፣ በዚያው መብራት፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጉብሬ ይምጣ። እኔና አንቺ በባጃጅሽ ከፊት ለፊቱ እንመጣለን። እጅሽ ወደ ዓይንሽ ከሄደች ሽማግሌዎቹ ሳይወርዱ ይመለሳሉ። አለቀ!»

እሷ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ሲደክም ሰማሁ። «የድሮውን አምፖል ልመልሰው?» አልኳት።

«እንዳትመልስ። ዳገቱ ላይ ከብት አለ፣ ጋሪ አለ፣ እግረኛ አለ፤ አንተም ማየት አለብህ። ሌላውም ሰው ግን ማየት አለበት። አስተካክለው።»

ቡታጅራ ናጃህ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ወዳጄ አለ። አምፖሉን አውጥቶ አገላብጦ አየና ሳቀብኝ።

«ተጣሞ ነው የገባው፣ አቦ። ይሄ የመብራት ቤት የተሠራው ለድሮው አምፖል ነው። የኤልኢዲው ሁለት ዓይኖች ትክክል ግራና ቀኝ ካላዩ ብርሃኑን ወደ ሰማይ ይረጨዋል።»

«ይህን እኔም አስቤው ነበር» አልኩት።

አምፖሉን አስተካክሎ አስገባው። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት አቆምን። የመብራቱን ከፍታ ግድግዳው ላይ በኖራ አሰመርን። ከዚያ የብርሃኑ አናት ከመስመሩ ስንዝር ያህል ዝቅ እስኪል ድረስ ማስተካከያውን ብሎን አዞርን። ብርሃኑ በቢላ እንደተቆረጠ ሆነ፤ ከላይ ጨለማ፣ ከታች ቀን።

መሕቡባ ስልክ ላይ ናት። «አሁን ራቅ ብለህ ጀሪካን ላይ ተቀመጥ። ባጃጅ ላይ የምቀመጠው ያን ያህል ነው። ምን ይታይሃል?»

«መንገዱ።»

«ሌላስ?»

«አንቺ።»

«ኧረ ሸምሶ! ስለ መብራቱ ነው የጠየቅኩህ!» አለች፤ ግን ስልኩን አልዘጋችውም።

ቀኑ ደረሰ። ሠላሳ ሽማግሌ ይዤ ወጣሁ፤ አርባም ሳይሆኑ አይቀሩም። ሀጂ ሙሀመድሰይድ፣ ከሁሉም የሚከበሩትና ከሁሉም የሚከብዱት፣ ጋቢና ይግቡ ብላቸው «ነፋስ እፈልጋለሁ» ብለው ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። በርበሬ በጆንያ፣ ቅቤ፣ አንድ ሙክት ተጨመረ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዳገቱን ወጣን።

መብራቴን እንዳበራሁ ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ መብራቱን ያርገበግብልኝ ጀመር። አይሱዙ ያርገበግባል፣ ሚኒባስ ያርገበግባል።

«ሀጂ! ሙሽራ መሆኔን ሰው ሁሉ ሰምቷል! ሰላም እያሉኝ ነው!» ብዬ ወደ ኋላ ጮህኩ።

«ሸምሶ» አሉ ሀጂ፣ «ይሄ ሰላምታ አይመስለኝም።»

አንዱ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ ሲያልፍ «አውርደው እንጂ! አሳወርከን!» አለ። የቀረውን አልጽፈውም።

መብራቱ እኮ አጭሩ ላይ ነው! ግድግዳው ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ! መኪናዋን አቁሜ ወረድኩና ከፊቷ ቆምኩ። አፍንጫዋን ሰቅላለች። ያን ጊዜ ገባኝ። ያስተካከልናት ባዶዋን ነበር። ባዶ ፒክአፕ ደግሞ በእኛ መንገድ ማን አይቶ ያውቃል? ከኋላ ስትጫን ከፊት ትነሳለች፤ ስንዝር ያህል ያወረድነውን ብርሃን ሀጂ ሙሀመድሰይድ ብቻቸውን መልሰው ሰቅለውታል።

ሽማግሌዎቹ መቆማችንን አይተው ሊወርዱ ተነሱ።

«አባቶች! ማንም እንዳይወርድ!»

ጉብሬ መግቢያ ላይ የመጋዘን ግድግዳ አለ። ፊቱ አቆምኳትና ጭነቴ እንዳለ፣ ሽማግሌዎቼ እንደተቀመጡ፣ ሙክቱ እንደቆመ፣ እንደገና በኖራ አሰመርኩ። ብሎኑንም ማዞር ጀመርኩ።

«እግሬ ደንዝዟል» አሉ ሀጂ።

«ለመሕቡባ ሲሉ ይደንዝዝ፣ ሀጂ! ወደ ፊትም እንዳይጠጉ፤ ብርሃኑ ይወርድብኛል!»

«ልጅ ልንጠይቅ ነው ወይስ ሚዛን ልንሆን የመጣነው?» አሉ። ግን አልተነቃነቁም። አላህ ይስጣቸው።

ከመግሪብ በኋላ፣ እዚያው ጉብሬ መንገድ ላይ፣ ባጃጇ ከፊት ለፊታችን መጣች።

ቀስ ብዬ ነዳሁ። መብራቴ አስፋልቱን ይልሳል፤ የመንገዱን ዳር፣ አንድ አህያ፣ ጠጠሩን እንኳ አያለሁ። ባጃጇ ቀረበች። የመሕቡባ ፊት ከመስታወቱ በስተኋላ ታየኝ። ዑመይር ከኋላዋ ተቀምጦ ዓይኑን የተከለው እጇ ላይ ነው።

እጇ ከመሪው ተነሳች።

እጇ ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ ፊቷ ተጠጋች፤ የወረደውን ሻርፗን ወደ ኋላ መለሰችና ተመልሳ መሪው ላይ አረፈች። ዓይኗ እንደተከፈተ ነበር። ስናልፍ እያየችኝ አለፈች።

ሁለታችንም ቆምን። ዑመይር ወርዶ ወደ እኔ መጣ። መብራቱን አየ፣ እኔን አየ።

«መንገዱን አየሁት» አለ። «አንተንም አየሁህ። ያ እንኳ ባይታየኝ ይሻል ነበር።» ከዚያ ትከሻዬን ያዘና አቀፈኝ።

«አልሀምዱሊላህ!» አሉ ሀጂ ከላይ። «አሁን መውረድ ይቻላል?»

ከዳቦ ቤቱ ትኩስ ዳቦ ወጣ። ደገፍ አድርገው ያወረዷቸው ሀጂ እግራቸውን እያሹ ልጅቷን ጠየቁ፤ ልጅቷም ተሰጠች። የሠርጉን ሕዝብ ብዛት ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ስለዚህ አልናገርም። ታሪኩ ይኸው ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩትን ድምፄን ከፍ አድርጌ ለምስክሬ አነበብኩላት።

መሕቡባ የሹራቡን ክር በጥርሷ በጠሰች። ቁልፉን ሳብ አድርጋ አየችው።

«ሸምሶ» አለች ቀስ ብላ።

«እህ?»

«ያን ዕለት ያንተ ፒክአፕ ላይ ኤልኢዲ አልነበረም። ኩራዝ የመሰሉ ቢጫ አምፖሎች ነበሩ። ኤልኢዲው የነበረው የእኔ ባጃጅ ላይ ነው፤ በዚያው ቀን ወልቂጤ አስገብቼው፣ ብርሃኑ ወዴት እንደሚሄድ እንኳ ሳላይ ነው የወጣሁት። ዓይኑን ከልሎ ቦይ የገባው አንተ ነህ። እኔ ዑመይር ሳይደርስ መብራቱን አጠፋሁት። አንተ የራስህን የገዛኸው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ እሱ ሲመጣ እንዲያገኘው ብለህ።»

የምጨምረው ነገር ፈለግሁ። አጣሁ።

«ይሄ… ዝርዝር ነገር ነው» አልኩ።

«ለዑመይር ትናንት ነገርኩት። ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ ይዤው ነበር» አለች ደረቷን ነክታ። «እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም እፎይ አልኩ።» ሹራቡን አጥፋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ዶሮዎቹን ተዋቸው፣ ሽማግሌዎቹም አርባ ይሁኑ። ነገ ግን በርበሬ ጭነህ ዳገት ትወጣለህ፤ በመኪናዋ ደግሞ ምለሃል። ያሳወረው መብራት የመሕቡባ ነበር ብለህ ጻፍ።»