የግራው መቆሚያ

ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ። ወለሉ እስከ እናትየው እግር ሥር ድረስ ተንቀጠቀጠ። ዘፈኑ ግን አልቆመም፤ ድምፅ ማጉያው የሦስት ልጃገረዶችን ሳቅና ጭብጨባ ማሰማቱን ቀጠለ። በዚያ ላይ የእውነተኛ ሰው ጩኸት ተደረበበት።

«ልጄን!» አለች እናትየው። በጨለማው ኮሪደር ወደ መጋረጃው ልትሮጥ ተነሳች። አንድ እጅ ከኋላዋ ትከሻዋን ጥብቅ አድርጎ ያዛት።

«አይዞዎት፣ እናታችን፣ የርስዎ ደህና ናት» አላት የሥራ አስኪያጁ ድምፅ።

መጋረጃው ተገለጠ። መጀመሪያ ያየችው ጫማ ነበር። ብርማ የመድረክ ጫማ፣ ከእግር ወልቆ ለብቻው የቆመ። ሦስቱም ዘፋኞች አንድ ዓይነት ጫማና ነጭ ጓንት ስለሚያደርጉ የማን እንደሆነ ጫማው አይናገርም። ዓይኗን ከዚያ ወዲያ ለማሻገር አቅም አጣች።

«እማዬ! እዚህ ነኝ!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። ልጇ ሁለት ሰው በሚያክል ከፍታ ላይ፣ ዘፋኞቹን ወደ ላይ ከሚያነሱት ሦስት መቆሚያዎች የመሃሉን እንደ ድመት ሙጭጭ ብላ ይዛ ነበር። ከታች የተዘረረችው ሌላዋ ናት። የብዙ ሰው ልጅ፣ ሁሉም «ደወል» የሚላት።

ደወል የዘፈን ሥራዋን የጀመረችው በስምንት ዓመቷ፣ አጎቷ ፀጉር ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ቆማ ነው። ፀጉር ሊቆረጥ የመጣ ሁሉ ተቆርጦ ሲያበቃ አይሄድም ነበር ይባላል። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሥራ አስኪያጁ ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር አቀናጃትና አራት ሆኑ። አራተኛዋ «ለትምህርት ሄደች» ከተባለ ወዲህ ደግሞ ሦስት፤ ደወል፣ በቁመቷ «ቀጭኔ» የሚሏትና የእናትየው ልጅ ሚጢጢ። ፎቶአቸው ያልተለጠፈበት ግድግዳ የለም።

እናትየው ከልጇ አትለይም ነበር። ልምምድ ሲሆን ኮሪደሩ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ልጅነቷ በሥራ አልፎ ፊደል ሳትቆጥር የቀረች ሴት ናት። ያስተማረቻትም ደወል ናት፣ በእረፍት ሰዓት፣ የዘፈን ግጥም በተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ላይ። «ፊደል እግር አለው፣ እማምዬ፤ እንዳይወድቅብሽ በደንብ አቁሚው» ትላት ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት እናትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን ጽፋ ሁለቱም ኮሪደሩ ውስጥ ተቃቅፈው ጮኸዋል።

አሁን ያቺ ልጅ በነጭ ጨርቅ ተሸፍናለች።

መርማሪዋ የመጣችው ልጅቷ ከመሸፈኗ በፊት ነው። አጭር፣ ሞላ ያለች፣ ፀጉሯ ዳር ዳሩን የሸበተ ሴት ናት። ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ የፊተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሰው አፉን ሲከፍት እጇን ታነሳና «አሳዩኝ እንጂ አትንገሩኝ» ትላለች።

መጀመሪያ የጠራችው የመድረኩን መካኒክ ነው። ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ «ብሎን» ነው የሚሉት።

«መቆሚያው ለምን ወደቀ?»

«ፒኑ የለም። እዩት!» ጣት የሚያክለውን ባዶ ቀዳዳ አሳያት። «መቆሚያው ላይኛው ጫፍ ሲደርስ እንዳይወርድ የሚይዘው ብረት ነው። ከምሳ መልስ ሦስቱንም በዚች እጄ ከትቻለሁ። እንዲያውም አዲስ ቆርቆሮ ግራሶ ከፍቼ ቀባኋቸው። እስከ ዛሬ ቡናማውን ነበር የምንጠቀም፤ ይሄ ሰማያዊ ነው።» እጁን ዘረጋ፤ እስከ አንጓው ሰማያዊ ነው። «በጨርቅ ቢጠርጉት አይለቅ፣ በሳሙና ቢያሹት አይለቅ። ዛሬ ሚስቴ ቤት አታስገባኝም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ፊት ለፊት ወጥቼ ማንሻው ጋ ቆምኩ። ልጆቹ ከላይ ሲያዩኝ ነበር።»

ልጆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዓይናቸው ላይ የተቀቡት ሰማያዊ ኩል በእንባ ተዝረክርኮ አገጫቸው ደርሷል።

ሥራ አስኪያጁ ተራው ሲደርስ አለቀሰ። ልጆቹ «ጋሼ» ነው የሚሉት፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው።

«ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ቢሮዬ ውስጥ ስልክ ላይ ነበርኩ። ጓ ሲል ሮጥኩ። የግራው መቆሚያ የሚጢጢ ነው፤ ሁልጊዜ። እሷ ወድቃ መስሎኝ ልቤ ሊወጣ ነበር! ፊቷን ሳይ ነው ደወሌ መሆኗን ያወቅኩት።»

«ቦታ መለዋወጣቸውን አልሰሙም?»

«ማን ነግሮኝ!»

እናትየው ወደ ልጇ ተጠጋች። የግራው የሚጢጢ ነው። እንግዲያው ሞት የመጣው ለልጇ ነበር። ሊገድላት የፈለገው ሰው እዚሁ ረድፍ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። የልጇን እጅ ጨብጣ ያዘች፤ ዓይኗ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ይሮጣል። መካኒኩ ለምን ያያታል? ቀጭኔ ለምን አታያትም? ፍርሃቱ አፏን ከፈተው።

«እህቴ፣ ልጄን ነው የፈለጓት! ቤት አስገቧት፣ ጠባቂ ስጡልኝ!»

«መለዋወጣቸውን የሚያውቅ ማን ነበር፣ እናቴ?»

«ማንም! ሦስቱ ልጆችና እኔ ብቻ ነን። በዘፈኑ መሃል ከግራ ያለችው ናት ደረጃውን እየሮጠች የምትወርደው። ልጄን ደግሞ ጉልበቷን አሟታል። በር ዘግተን ልብስ ሲለብሱ ‹ደወልዬ፣ ዛሬ በኔ ቦታ ቁሚልኝ› ብላ ለመነቻት፤ ደወልም እሺ አለች…»

ቀጭኔ ቀስ ብላ አንገቷን ወደ ሚጢጢ አዞረች። እናትየው የተናገረችው ነገር ምን እንደሆነ የገባት ያኔ ነው፤ ግን ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣ አይለቀምም።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ፖሊስ ከልብስ መቀየሪያው ክፍል መጣ። በጨርቅ የተጠቀለለ ፒን ይዟል።

«የት?» አለች መርማሪዋ።

«የዚያች ልጅ ቦርሳ ውስጥ» አለ። ወደ ሚጢጢ ጠቆመ።

«እማዬ፣ እኔ አይደለሁም! እማዬ ንገሪያቸው!»

እናትየው ግን ነግራ ጨርሳ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያው ልጅቷን አሳደረ። እናትየው በማግስቱ ማለዳ ከጣቢያው መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆማ ፊቷን ሳታውቀው ቀረች። በግራ ትከሻዋ በኩል ነጭ ሹራቧ ተበክሏል፤ ሰማያዊ ነገር፣ አራት መስመር። የልጆቹ ኩል ነው፣ አንዷ ስታለቅስ ተደግፋኝ ይሆናል ብላ በሳሙና አሸችው። አለቀቀም። ተወችው። ስለ ሹራብ የሚያስብ ልብ የት ተገኝቶ።

ኮሪደሩ ላይ መርማሪዋን ጠብቃ እጇን ያዘቻት።

«ልጄ ሰው አትገድልም።»

«እናት ሁሉ እንዲህ ይለኛል።»

«እኔ ነኝ ያሳሰርኳት። በገዛ አፌ።»

መርማሪዋ ልትሄድ ብላ ቆመች። የእናትየው ትከሻ ላይ ዓይኗን ጣለች። ከዚያ «ሹራቡን እንዳያወልቁት» አለቻት። «ብርድ ነው።»

ብርድ አልነበረም።

ረፋዱ ላይ ሁሉም እዚያው መድረክ ላይ ተሰበሰቡ። ሚጢጢ በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆማለች፤ በአንድ ሌሊት ፊቷ ጠቁሯል። የግራው መቆሚያ እንደወደቀ ነው።

«ትናንት የሆነውን እንደገና እናድርገው» አለች መርማሪዋ። «ልጆቹ ወደ ቦታቸው። ብሎን፣ ማንሻው ጋ። እርስዎ፣ ጋሼ፣ ቢሮዎ ይግቡ። እናቴ፣ ዱካዎ ላይ።»

እናትየው በጨለማው ኮሪደር ተቀመጠች። አሁን ምን ብል ልጄን እቀብራታለሁ? ምን ብል አወጣታለሁ? ከመጋረጃው ወዲያ ፖሊሶቹ የአሸዋ ከረጢት ጣሉ። ያው ድምፅ። ያው መንቀጥቀጥ። ሳታስበው ጮኸች፤ «ልጄን!»

የሩጫ ኮቴ ከኮሪደሩ ጫፍ ተሰማ። ቆየ። ቆየ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ እያለከለከ አጠገቧ ደረሰ።

«እንዲህ ነበር?» አለች መርማሪዋ፣ መጋረጃውን ገልጣ።

«አይደለም» አለች እናትየው በቀስታ። «ትናንት ጩኸቴን ሳልጨርስ ነው የያዘኝ።»

«በየት በኩል ያዙዎት? አሳዩኝ።»

እናትየው ቀኝ እጇን አሻግራ ግራ ትከሻዋን ነካች።

«ምን አሉዎት?»

ሥራ አስኪያጁን አየችው። በዚያ ቀን ደግ ቃል የሰጣት እሱ ብቻ ነው። ዓይኑ «ተዪኝ» የሚላት መሰላት። ከላይ ደግሞ የልጇ ዓይን አለ።

«‹አይዞዎት፣ የርስዎ ደህና ናት› አለኝ።»

«መጋረጃው ተከፍቶ ነበር?»

«ገና ነበር።»

መርማሪዋ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች።

«ትናንት ለኔ የነገሩኝ፣ የወደቀችው ሚጢጢ መስላዎት ልብዎ ሊወጣ እንደነበር ነው። እናቷን ግን ልጅዎ ደህና ናት ብለዋታል። ባልተከፈተ መጋረጃ ውስጥ ምን አዩ? የትኛው መቆሚያ እንደሚወድቅ፣ ማን እንደቆመችበትም ያውቁ ነበር።»

«ለማጽናናት ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ለምትጮህ እናት ምን ልበላት ታዲያ? ሞታለች ልበላት?»

«እሺ። ከቢሮዎ እስከዚህ አርባ እርምጃ ነው። አሁን ሲሮጡ ሴትዮዋ ጮኻ፣ ተንፍሳ፣ እንደገና ለመጮህ ጊዜ ነበራት። ትናንት ግን አጠገቧ ነበሩ።»

«በድንጋጤ ሰው ጊዜ ይቆጥራል እንዴ?»

«አይቆጥርም። ስለዚህ የማይደነግጥ ምስክር አመጣሁ። እናቴ፣ ወደ ብርሃኑ ይምጡ። ብሎን፣ ይሄ ምንድን ነው?»

መካኒኩ ወደ ሹራቡ ጎንበስ ብሎ አየ፤ አሸተተ። ሌባ ጣቱን ከእድፉ ጎን አስጠጋ። ያው ሰማያዊ።

«ግራሶ ነው። የኔ ግራሶ! የትናንቱ ቆርቆሮ!»

«ትናንት ከምሳ መልስ ተከፈተ። ያንተን እጅ ልጆቹ ከላይ ሲያዩት ነበር። የልጆቹን ደግሞ፣ ሲያጨበጭቡ ያጠለቁትን ነጭ ጓንት አየሁት፤ ንጹህ ነው። ይህችን ሴት በግራ ትከሻዋ ከኋላ የያዛት አንድ ሰው ነው።» መርማሪዋ ድምፅዋን አላነሳችም። «የልብስ መቀየሪያውንና ቢሮዎን የሚለየው ግድግዳ ሳንቃ ነው። ትናንት ቢሮዎ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ከወዲያ ፖሊሱ ሲያዛጋ ሰማሁት። ልጆቹ ሲለዋወጡ ሰሙ። ፒኑን ነቀሉ፣ ለምና በተለዋወጠችው ልጅ ቦርሳ ውስጥ ከተቱ። እጅዎን ጠረጉ። ብሎን ግን ምን አለን? በጨርቅ አይለቅም።»

«ለምን?» አለች ሚጢጢ ከላይ፤ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። «ጋሼ፣ ደወል ምን አደረገችህ?»

የመለሰችው ቀጭኔ ናት። ከትናንት ጀምሮ አንድ ቃል ያልወጣት ልጅ።

«ዛሬ በሬዲዮ ልትናገር ነበር። አራተኛዋ ለትምህርት አልሄደችም። ጋሼ እንዳንወፍር በሚሰጠን ክኒን ልቧ ተጎድቶ አልጋ ላይ ናት። ደወል ‹ነግሬው ነው የምናገረው፣ ከጀርባው አልናገርም› አለች። ትናንት ጠዋት ነገረችው።» አፏን በመዳፏ ሸፈነች። «ቀጥሎ እኔ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ሥራ አስኪያጁ አንድ ጊዜ መጋረጃውን፣ አንድ ጊዜ በሩን አየ። ከዚያ እጁን አየ፤ በጣቶቹ መሃል፣ ሳሙና የማይደርስበት ቦታ ሰማያዊ ቀርቷል። ፖሊሶቹ ሲይዙት አልታገለም። በእናትየው አጠገብ ሲያልፍ «እናታችን፣ እኔ እኮ ላጽናናዎት ነበር» አላት። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። እሷን ያንቀጠቀጣትም ይኸው ነው።

ሚጢጢ ስትወርድ እናቷ አቅፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ለረጅም ጊዜ ማንም አላስነሳቸውም።

በኋላ ፖሊሱ የእናትየውን ቃል ጽፎ አመጣ። አንብቦላት ሲጨርስ ሰማያዊ ቀለም የነከረ ስፖንጅ አስጠጋላት።

«እናቴ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ነከር አድርገው እዚህ ጋ…»

እናትየው ቀለሙን አየችው። ትከሻዋን አየችው። ስፖንጁን በክርኗ ገፋ አደረገችው።

«እስክሪብቶ ስጠኝ» አለች።

ስሟን መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያው ፊደል ተንጋደደ፤ ሁለተኛውም። ፖሊሱ ሰዓቱን አየ፣ መርማሪዋ ግን በዓይኗ ከለከለችው። በመጨረሻው ፊደል ላይ ስትደርስ እናትየው እግሩን እስከ መስመሩ ድረስ ቀጥ አድርጋ አወረደችው። ቆመ።