የቲጃኒ መስገጃ

ቲጃኒን ከተሰቀለበት የቡና መጋዘን ወራጅ ላይ ሲያወርዱት ገና ጠዋት ነበር። ከተዘጋው በር በላይ ባለው መስኮት የገባችው ፀሐይ ከእግሩ ሥር በተነጠፈችው መስገጃ ላይ አርፋለች። የመስገጃዋ ራስጌ ወደ በሩ ነው።

ከቆርቆሮው ማዶ የጅማ መርካቶ ሕዝብ ይጮኻል። «ሌባ! በልቶን ሲያበቃ ታነቀ!»

ሕዝቡ ቢጮኽ አይፈረድበትም። የቡና ነጋዴዎች ቁጠባ ማኅበር ከስሮ፣ ከሰኮሩ እስከ ደዶ ያለው ሰው የላቡን ተነጥቋል። መንግሥት ጉድለቱን ሊሞላ ብር ላከ ተባለ፤ ብሩን ግን ያየ የለም። ገንዘብ ያዡ ደግሞ ቲጃኒ ነበር።

የፖሊስ መርማሪው ሃምሳ አለቃ አብተው የሟቹን አንገት አየ። ሁለት ሰንበር አለ፤ አንዱ የገመድ፣ ከሥሩ ያለው የቀጭን ሲባጎ።

«አንቀው ከገደሉት በኋላ ነው የሰቀሉት» አለ።

ማታ ስብሰባ አምሽተው፣ ሰዓት እላፊ ደርሶባቸው ከቲጃኒ ጋር እዚያው ያደሩት ሦስት ናቸው፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሙሐመድሳኒ፣ መጋዘን ጠባቂው ጎሳዬ፣ የመንግሥትን ብር ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣው ጓድ ዓምደሚካኤል። አሁን በሩን አብዮት ጥበቃ ዘግቶታል። የገባችው የሟች ሚስት ኩልሱም ብቻ ናት።

«እህቴ፣ ትናንት ምን ብሎሽ ወጣ?»

«‹ያላየሁትን ብር ተረከብኩ ብለህ ፈርም ይሉኛል፤ ወላሂ አልፈርምም› አለኝ። ማን እንዳለው አልነገረኝም።» እንባዋ ቀደማት። «ሼህ ጠሃ ደጅ ቆመዋል። ራሱን ከገደለ አልሰግድለትም ብለዋል። በስሙ ይቀበርልኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም።»

«ኤጋ፣ እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ ሙሐመድሳኒ። «ከዒሻ ሶላት በኋላ ተኛሁ። ነገ ሌባ የሚሉት እኔን ነው።»

«ሲባጎውስ?» አለ አብተው።

«ጆንያ የምንሰፋበት ነው፣ ሁሉም ያገኘዋል» አለ ጎሳዬ። «እኔ መርካቶ ነው ተወልጄ ያደግሁት። ቲጃኒ ሲሰግድ ዕቃውን የምጠብቅለት እኔ ነበርኩ። እንዴት እገድለዋለሁ?»

ዓምደሚካኤል ሰዓቱን አየ። «ጥፋቱ ከብዶት ነው፣ ጓድ። ይኸው ጸሎቱን አድርሶ ተሰናበተ። መዝገቡን ዝጋና እንሂድ።»

አብተው መስገጃዋን ደጋግሞ አያት። ከዚያ ሁሉንም ሰብስቦ በሩ አጠገብ አቆማቸው።

«ቲጃኒ እዚህ አልሰገደም። ይህችን ያነጠፋት ገዳዩ ነው፤ ተሰናብቶ ሞተ እንዲባል። እስቲ አነጣጠፏን እዩልኝ።»

«ያ ረቢ!» አለ ሙሐመድሳኒ። «ወደ ፀሐይ መውጫ!»

«አዎ። ወደ ምሥራቅ ዞረን የምንጸልይ እኛ ክርስቲያኖች ነን። ከጅማ ቂብላው፣ መካ ያለችበት አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜን ነው። ሊቀ መንበሩ ዕድሜውን ሙሉ ሰግዷል፤ ጎሳዬም ዕድሜውን ሙሉ ሲሰገድ አይቷል። ይህን የሚሳሳተው እንግዳ ብቻ ነው። ያላስረከቡትን ብር እንዲፈርምልዎት የፈለጉትም እርስዎ ነዎት፣ ጓድ ዓምደሚካኤል።»

ዓምደሚካኤል ሳቀ። «ሪፖርቱን ለማን ልትሰጥ ነው? ለላኩኝ ሰዎች? ከእኔ በፊት አንተ ትታሰራለህ!»

አብተው ፈራ። ምን ይደረግ፣ በዚያ ዘመን ያልፈራ ማን አለ? መውጫ እንደሌለው ገብቶታል። ግን ቆርቆሮ ድምፅ አይከለክልም፤ የውጭው ጩኸት ቆሞ ሕዝቡ ማዳመጥ ከጀመረ ቆይቷል።

ኩልሱም ጎንበስ ብላ መስገጃዋን ወደ ሰሜን አዞረቻት።

«ሼህ ጠሃ! ሰምተዋል? ባሌ የሰው ገንዘብ አልበላም፤ ራሱንም አልገደለም!»

«ሰምተናል፣ ልጄ» አሉ ሼሁ ከደጅ። «አጥበን እንሰግድለታለን።»

ዓምደሚካኤል በሩን በርግዶ «መንገድ ልቀቁ!» ብሎ ጮኸ። ደጁ ግጥም ብሎ ሞልቷል። አብዮት ጥበቃዎቹ እንኳ መሬት መሬት ያያሉ።

«ብራችንስ?» አሉት አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው። ፈቀቅ ያለለት ሰው አልነበረም።