ከማዶ የመጣ ጥሪ

ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ በሩ ላይ የተገተርከው፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ። የበሬ ወለደ ወሬ ላወራ አይደለም የተቀመጥኩት።

ድሮ ነው። እንደ ዛሬው ጨረቃ የሌለችበት ምሽት ነው። ከሐይቁ ወዲህ የእኛ አገር፣ ከወዲያ የሌላ አገር። በሁለቱም ዳር ትልቅ ሾላ አለ። መንገደኛው ከማዶው ሾላ ሥር ሆኖ "አሻግሩኝ" ይላል፤ የወዲህ ቀዛፊ ሄዶ ያመጣዋል። ቀን እንዲህ ነው። ሲመሽስ? ሲመሽ ሕግ አለ። ለመጀመሪያው ጥሪ መልስ አይሰጥም። ለምን? ሰው ይደግማል፣ መንፈስ አይደግምማ። አባቶች እንዲህ ብለው ነው ያቆዩን።

ቀዛፊው አያ ጓንጉል ይባላል። ደግ ሰው ነበር። አንዲት ልጁን ስንዱን ለማዶ ሰው ድሯታል። የሰርጓ ዕለት ራሱ ነው ቀዝፎ ያሻገራት፣ እያለቀሰ።

ታዲያ በዚያ ምሽት የደንገል ታንኳውን እንዲደርቅ ሾላው ላይ አስደግፎ ሲጨርስ፣ ከማዶ "አሻግሩኝ" የሚል ሰማ። ቀጭን ድምፅ ነው። የማን ይመስላችኋል? የስንዱን ይመስላል። ልቡ ዘለለ። መቅዘፊያውን አነሳ። ግን ሕጉ ትዝ አለው፤ መንፈስ የሚዋሰው የምንወደውን ድምፅ ነው ብሎ ቆመ። እስክትደግም ጠበቀ። ጠበቀ። ሐይቁ ዝም አለ። ሄዶ ተኛ። ተኛ ልበል እንጂ፣ የት ተኝቶ!

ሲነጋ ተሻገረ። ስንዱ ሾላው ሥር ተጋድማለች፣ ፊቷን ወደ ውሃው አድርጋ። ለካ ወባ ጥሏት፣ አባቴ ቤት ልሙት ብላ መጥታ ኖሯል። የቀራት ትንፋሽ ለዚያች ጥሪ ብቻ ነበር። በምን አቅሟ ትድገም?

ከቀበራት ወዲህ ጓንጉል ሰው አልሆነም። ማታ ማታ ውሃው ዳር ይቀመጣል። አንድ ምሽት ያው ድምፅ ጠራ። አሁን አልጠበቀም፤ ቀዘፈ። ከሩቅ ነጭ ነገር ታየው። ቀረብ ሲል ነጠላ ነው። ቀረብ ሲል ሴት ናት፣ ትንቀጠቀጣለች። ተሳፈረች፤ ታንኳው ግን ዝቅ አላለም። እግዚኦ! መሀል ሐይቅ ላይ ሲደርሱ ከኋላው ተናገረች።

"አባቴ፣ ያን ጊዜ ሰምተውኝ ነበር?"

ቢዋሽ ማን ያውቅበታል? አልዋሸም።

"ሰምቼሻለሁ፣ ልጄ። ድምፅሽንም ለይቼው ነበር።"

ዳር ደርሶ ዞር ቢል ማንም የለም። የተቀመጠችበት ደንገል ባዶ ነው። ከታንኳው አልወረደም፤ አዙሮ ሊያመጣት ተመለሰ። እስኪሞት ድረስ ማታ ማታ እንዲሁ ተመላለሰ፤ አንድም ቀን ቤቷ አላደረሳትም። እሱም ሞቶ ቀዘፋው ይሰማል ይላሉ።

ያንን ሕግ እኛ ትተነዋል። ሰው ከሆነ እንደርስለታለን፤ መንፈስም ቢሆን ትናንት የሰው ልጅ ነበር። ብቻችሁን ወደዚያ ዳር አትውረዱ። ከጠሯችሁ ግን...

ቆይ። እስቲ ዝም በሉ።

ሰማችሁ?

ምን ትጠብቃላችሁ? አትደግምም እኮ። መልሱላት!