ከፍርግርጉ ወዲህ

ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ የወረቀት ገንዘብ ከታወጀ አራተኛ ዓመቱ መሆኑ ነው። የባንኩ በር ገና ከመከፈቱ፣ ባንኩ ሊወድቅ ነው የሚል ወሬ የሰማው ሕዝብ እንደ ጎርፍ ገባ፤ ወረቀቱን እየዘረጋ ጥሬ ብሩን ይጠይቅ ጀመር።

ገንዘብ ያዡ ከብረት ፍርግርግ በስተኋላ፣ ከውጭ በሚቆለፍ ጠባብ ክፍል ተቀምጧል፤ ቁልፉ በባንኩ ሹም ኪስ ነው። የታዘዘው በደቃቁ ሳንቲም እየቆጠረ፣ ተሳሳትኩ እያለ እንደገና እየቆጠረ፣ ቀኑን እንዲያስመሽ ነበር። ከፊቱ ካለችው ሣጥን በቀር ባንኩ ባዶ እንደሆነ የሚያውቁት እሱና ሹሙ ብቻ ናቸው፤ ብሩ ሁሉ ለሐዲድ ሠሪዎች በብድር ወጥቷል።

በዚህ ነገር ከታላቅ ወንድሙ ከአንጥረኛው ጋር ስንት ዘመን ተሟግተዋል! «ጋሼ፣ ገንዘብ እኮ እምነት ነው፤ ባንክ ባበደረ ቁጥር አዲስ ገንዘብ ይወለዳል» ይል ነበር። አንጥረኛው መዶሻውን ሳያስቀምጥ፣ «ያለ እናት? ላም አለኝ በሰማይ በለኛ! ገንዘብ ሚዛን ላይ ሲያወጡት የሚከብድ ነገር ነው» ብሎ ይስቅበታል።

እነሆ አንጥረኛው ከባድ የቆዳ ከረጢት ታቅፎ ከሰልፉ መካከል ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ላስቀምጥ ነዋ!» አለ ጮክ ብሎ፤ ለአዲስ ሱቅ መግዣ ሃያ ዓመት ያጠራቀመውን ብር ዘረገፈው። «እናንተ ፈሪዎች! ወንድሜ እውስጥ ተቀምጦ እያያችሁ ምን ያንጫጫችኋል?» ከዚያም ወደ ፍርግርጉ ጎንበስ ብሎ፣ «በወረቀታችሁ አሁንም አላምንም፤ ባንኩ ቢወድቅ ግን መጀመሪያ የሚያስሩት አንተን ነው» ሲል አንሾካሾከ።

ገንዘብ ያዡ አፉን ከፈተ። ውሰደው ቢል ሰልፉ ይሰማል፤ ባንኩ በዚያችው ሰዓት ይወድቃል። ዝም ቢል የወንድሙ ላብ ውኃ በላው። የሹሙ ድምፅ ከጀርባው መጣ፤ «ተቀበለው እንጂ፤ ፈገግም በል።»

ተቀበለ። ፈገግም አለ። ደረሰኙን ሲጽፍ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ቢሳሳት አንጥረኛው፣ «አይዞህ አንተ፣ እኔ አለሁልህ» አለው።

ሰልፉ እየሳሳ ሄደ፤ እስኪመሽ ድረስ ላልተበተኑት ሲከፈል የዋለው የአንጥረኛው ብር ነበር።

የዚያ ሰሞን ታሪክ ጸሐፊዎች ያችን ሐሙስ የሕዝብ እምነት ባንኩን ያዳነባት ቀን ብለው ጻፏት፤ ሹሙም የብድርን ጥበብ ያስተማሩ ሊቅ ተባሉ። አንጥረኛውን ያነሳው የለም። ባንኩ ግን ከሁለት ወር በኋላ ተዘጋ፤ ገንዘብ ያዡን ያሰረው አልነበረም፤ ወንድሙ ግን እስኪሞት ድረስ መዳብ ብቻ ቀጠቀጠ።