ተራኪዋ የቆመችበት ቦታ

«ዓይኑን ፈልጉት! ተራኪው የት ነው የቆመው?»

የሥነ ጽሑፍ መምህርቷ ይህን የምትጠይቀው ጠረጴዛዋ ላይ ወጥታ ነው። ቀልድ አይደለም፤ ጫማዋን አውልቃ እውነትም ወጥታለች። የትረካ አንጻርን ሦስት ቀን ሙሉ አስተምራ፣ ግማሹ ክፍል አሁንም አንደኛ መደብ ተራኪን ከሁሉን አወቅ ተራኪ አይለይላትም። የቀራት መፍትሔ መውጣት ብቻ ነበር።

«እኔ ከዚህ ሆኜ የሁላችሁም አናት ይታየኛል። እዚያ የተቀመጠው ደግሞ የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው። ክፍሉ አንድ፣ ወሬው ሁለት። ስለዚህ ስታነቡ ‹ማነው የሚያወራኝ› ብላችሁ አታቁሙ። ‹ከየት ሆኖ አየው› በሉ።»

«ቲቸር፣ የኔ ተራኪ ካንቲን በር ላይ ነው የቆመው» አለ ከኋላ ወንበር ፕሮፌሰር የሚሉት ልጅ። ይህን ማዕረግ ያገኘው ክፍሉን ሁለቴ በመድገም ነው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

መስኮት ሥር የተቀመጠችው ልጅም ፈገግ አለች። ሹክሹክ ይሏታል። ስም ሲጠራ «አቤት» ስትል የምትሰማት ከጎኗ ያለችው ልጅ ብቻ ስለሆነች ነው። ከጎኗ የምትቀመጠው ደግሞ ራዲዮ ናት። የእሷ ስም ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የተዘጋች ዕለት ማን ያውቃታል። ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ፤ የሹክሹክ ቤተሰብ ምድር ቤት፣ የራዲዮ ቤተሰብ ከፊት ለፊታቸው ፎቅ ላይ። ወደ ትምህርት ቤት አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይመለሳሉ። «አንዷ ታወራለች፣ አንዷ ትሰማለች፤ የታደለ ትዳር!» ይላቸዋል ፕሮፌሰር።

ዛሬ ግን ራዲዮ ከጧት ጀምሮ ዝም ብላለች። ሹክሹክ «አሞሻል እንዴ?» ብትላት «አይ» ብቻ አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

መምህርቷ ከጠረጴዛው ወርዳ ባለፈው ሳምንት የሰበሰበቻቸውን የተማሪዎች ድርሰቶች አገላበጠችና አንዱን መዘዘች። «የጻፈውን ሰው ስም አልናገርም። ስሙ።» ማንበብ ጀመረች።

«ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አጎቴ ግቢ ውስጥ ብሩሾቹን ያጥብ ነበር። ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመ። እጁን ወደ ራሱ ሰደደ፣ ከዚያ ከነባልዲው በጀርባው ወደቀ። ሰማያዊው ቀለም ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰና ጣቶቹን የዘረጋ እጅ ሆኖ ቀረ። እኔ ወደ ላይ ጮህኩ። ሰባት ጊዜ ተጣራሁ። ማንም አልከፈተልኝም።»

ሹክሹክ ክው አለች።

አጎት አይደለም፤ አባቷ ነው። ስድስት ወር ሆነው። ቀለም ቀቢ ነበር፣ ትከሻው በበር የማይገባ ሰውዬ። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ከሷና ከሱ በቀር ሰው አልነበረም። ወደ ላይ ቤት ጮኸች፣ መልስ የለም። ከዚያ ዋናው መንገድ ድረስ ሮጣ፣ የሚቆምላት መኪና አግኝታ፣ ሐኪም ቤት እስኪደርሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ኖሮ…» ብሎ ተወው። የተወውን አክስቷ ጨረሰችለት። «ድምፅ ያላት ልጅ ብትሆን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር፤ ወንድሜም ይሄኔ በእግሩ ይሄድ ነበር» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሹክሹክ ያን ጊዜ ጉሮሮዋን ጠላችው። እስከ ዛሬም እንደጠላችው ነው።

የላይ ቤቶቹ ደግሞ አልነበሩም። ራዲዮ በማግስቱ አቅፋት እያለቀሰች ነግራታለች። «አክስቴ ጋ ነበርን፤ ወይኔ፣ ቤት ብንሆን ኖሮ!»

ታዲያ ይህን ማን ጻፈው? ሰባት ጊዜ። ሹክሹክ ስንቴ እንደተጣራች አታውቅም። የሚጣራ ሰው አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው የሚሰማው ነው። እጁስ? የምን እጅ? የቀለሙ እድፍ አሁንም ሲሚንቶው ላይ አለ። በሽቦ ፈትጋው፣ በቀለም ማቅጠኛ አጥባው እምቢ ብሏታል። ጧትና ማታ ትረግጠዋለች። እንዲሁ የተንጋደደ ሰማያዊ ነገር ነው እንጂ አንድም ቀን እጅ ሆኖ አልታያትም።

«አንቺ፣ መስኮቱ ሥር ያለሽው። የትረካው አንጻር ምንድነው?»

ሹክሹክ ተነሳች። «አንደኛ መደብ።»

«ድምፅ!»

«አንደኛ መደብ ነው፣ ቲቸር። ‹እኔ› ትላለች።»

«ጎሽ። የትስ ነው የቆመችው?»

ጎኗን አየች። ራዲዮ ላጲሷን በጥፍሯ እየቦጨቀች ነበር። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፍርፋሪ ተቆልሏል።

«አላውቅም» አለች ሹክሹክ።

«እንግዲያው ለሁላችሁም የቤት ሥራ ይሁን። እዚህ አንቀጽ ውስጥ አንድ የማይገጥም ነገር አለ። ተራኪዋ የት ቆማለች? በምን አወቃችሁ? ያገኘ አሥር ከአሥር፤ መልሱንም ነገ ክፍል ውስጥ አስነብበዋለሁ።» መምህርቷ አንቀጹን ሰሌዳ ላይ ጻፈችው፣ ሁሉም ገለበጠ። ሹክሹክም «እኔ ወደ ላይ ጮህኩ» የሚለውን በገዛ እጇ ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ደወሉ ሲደወል ራዲዮ ቦርሳዋን እንኳ ሳትዘጋ ከክፍል ወጣች። ሹክሹክ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ወደ ቤት ሄደች።

የግቢውን በር ስትከፍት ከቤታቸው ውስጥ የሴት ድምፅ ሰማች። «አይዞህ ወንድሜ… እንዲህ… አሁን ወደ ግድግዳው።» የራዲዮ እናት ናት፤ እትዬ ይሏታል፣ ቤቷ ተቀምጣ የምትሰፋ ልብስ ሰፊ ናት። የሹክሹክ እናት የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ስለሆነች ጎህ ሳይቀድ ወጥታ የምትመለሰው ሲመሽ ነው። ከአልጋ የማይነሳውን አባቷን በየጊዜው የሚያገላብጠው ሰው ከሌለ ጎኑ ይቆስላል። መጀመሪያ ሰሞን ሹክሹክ ለዚሁ ስትል ሦስት ሳምንት ከትምህርት ቀርታ ነበር፤ ብቻዋን ግን አልቻለችውም። ከዚያ እትዬ መጣች። «እኔ እያለሁ ልጅቷ ከትምህርት አትቀርም» አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ በቀን ሦስት ጊዜ መስፊያ መኪናዋን አቁማ ትወርዳለች። እናቷ በየማታው ትመርቃታለች። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ያለው ሰው እሷን አይቶ ነው» ትላለች።

ሹክሹክ ወደ ቤት አልገባችም። ደረጃውን ወጣች።

የላይ ቤት በር ክፍት ነው። መስፊያ መኪናው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፣ ግማሹ የተሰፋ ዩኒፎርም ከመርፌው ሥር ተዘርግቷል። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ቁልቁል አየች።

እጅ ነው። አምስት ጣት፣ አውራ ጣቱ ወደ እነሱ በር ያመለከተ። ስድስት ወር ሙሉ መዳፉን ስትረግጥ ኖራለች።

«ልነግርሽ ብዬ ነው የጻፍኩት» አለች ከኋላዋ ራዲዮ። በሩ ላይ ቆማለች፣ ዓይኗ አብጧል። «በአፌ ልነግርሽ ስል እምቢ ይለኛል።»

«አንቺን እምቢ የሚልሽ አፍ አለ እንዴ?»

ሁለቱም አልሳቁም።

«ያን ሰሞን እማዬና አባትሽ ቀለም የታጠበ ልብስ ላይ ተረጨ ተብሎ ተኳርፈው ነበር፣ ትዝ ይልሻል? እማዬ ጩኸትሽን ስትሰማ ‹አባትና ልጅ እየተጨቃጨቁ ነው፤ ከነገሩ ጦም እደሩ፤ እንዳትከፍቺ› አለችኝ። እኔ ግን ሲወድቅ አይቼዋለሁ። ‹ወደቀ› አልኳት። መጥታ አየችው። ‹ጠጥቶ ነው› አለች።»

«አባቴ አይጠጣም።»

«አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። ኋላ ነገሩ ሲታወቅ አፈረችና ‹አልነበርንም በይ› አለችኝ።»

«ድምፄ ይሰማ ነበር?»

«አዎ።»

«በደንብ?»

«ሰባቱንም» አለች ራዲዮ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና።

ለአንዲት ቅጽበት ሹክሹክን ቀለል አላት። ጉሮሮዋ ምንም አላጠፋም፣ ተሰምቷል። ወዲያው ግን ነገሩ ተገለበጠባት። አለመሰማት ይሻል ነበር። ተሰምታ ነው እንግዲህ አባቷ ሲሚንቶ ላይ የቀረው።

«ለእናትሽ ትነግሪያታለሽ?»

ሹክሹክ እናቷን ታውቃታለች። ይህን የሰማች ቀን እትዬን ደጃፏን አታስረግጣትም፤ መሞት ቢሆን እንኳ። ከዚያ ወይ እናቷ ሥራዋን ትተዋለች፣ ወይ እሷ ትምህርቷን። ሁለቱም ቢሆን ያን ትልቅ ሰውዬ ብቻቸውን አይችሉትም። ሌላ መንገድ ፈለገች። የለም።

«ልጆች! አንዳችሁ ውሃ አምጡልኝ!» አለች እትዬ ከታች። ራዲዮ ደንግጣ ባልዲ ፍለጋ ሮጠች። ሹክሹክም ወረደች።

እትዬ ሥራዋን ጨርሳ ወደ ላይ ከወጣች በኋላ ሹክሹክ አባቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ደብተሯን ከፈተች። አባቷ መናገር አይችልም። አንዴ ዓይኑን ከጨፈነ «አዎ»፣ ሁለቴ ከጨፈነ «አይ» ነው። ከተኛበት ሆኖ የሚታየው ኮርኒሱና፣ መስኮቱ ሲከፈት፣ የላይ ቤት መስኮት ነው። ሹክሹክ የሚያይበትን አቅጣጫ ተከትላ ቀና አለች። አንድ ነገር ብልጭ ያለላት ያን ጊዜ ነው።

በጀርባው ነው የወደቀው። ዓይኑም ክፍት ነበር።

እትዬ ስትመጣ ሁልጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ለማዞር ይታገላል። እናቷ «እፍረት ነው እኮ፤ ወንድ አይደል» ትላለች።

«አባዬ» አለች፣ ጆሮው ሥር ጎንበስ ብላ። «ያን ቀን… መስኮቱ ላይ አይተሃቸዋል?»

አባቷ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። አንዴ።

ስድስት ወር ሙሉ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በነዚያ እጆች ሲገላበጥ ኖሯል። ሹክሹክ ግንባሯን ብርድ ልብሱ ላይ ደፍታ አለቀሰች። ለማን ትጮኻለች? ምን ብላ?

ትንሽ ቆይታ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና እስክሪብቶዋን አነሳች። መልሱን ታውቀዋለች፤ አሥር ከአሥር። ተራኪዋ ላይ ቤት መስኮቱ ጋ ቆማለች፣ ምክንያቱም እጁ ከዚያ ካልሆነ አይታይም፤ ምክንያቱም የሚጣራ ሰው አይቆጥርም። ክፍሉ ሁሉ «ዋው» ይላት ነበር። እሷ የጻፈችው ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ተራኪዋ አንደኛ መደብ ናት። የቆመችበት ቦታ አይታወቅም።» ደብተሩን ዘጋች።

ስትነሳ አንሶላውን ዳሰሰችው፤ ርሷል። አሁኑኑ መቀየር አለበት። እናቷ እስክትመጣ ገና ሁለት ሰዓት ይቀራል፣ ብቻዋን ደግሞ አታነሳውም።

«አባዬ፣ ልጥራት?»

አባቷ ኮርኒሱን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። እሷም አልቸኮለችም፤ ሁለቴ ከጨፈነ አትጠራም፣ የመጣው ይምጣ።

አንዴ ጨፈነ። ከዚያ አልከፈተውም።

ሹክሹክ ወደ ግቢው ወጣች፣ ሰማያዊው መዳፍ መሃል ቆመች፣ ቀና አለች። ላይ የመስፊያ መኪናው ድምፅ ይሰማል። አልጮኸችም። ቲቸር «ድምፅ!» በምትላት በዚያችው ድምፅ «እትዬ» አለች። አንድ ጊዜ ብቻ።

መኪናው ቆመ፣ መስኮቱም ወዲያው ተከፈተ።