ከሕመምተኛ ራስጌ ያልተጠየቀ አደራ

በደብረ ታቦር ገበያ ዳር ጨርቅ እየሸጡ ተሳስበው የሚኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሞገስና ውብአለም። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም እንጂ ፍቅር አልነሳቸውም። ሞገስ የታመነ ሰው ስለነበር፣ የአንበሳሜው ማር ነጋዴ አስናቀ ከከተማው ደንበኞቹ የሚሰበሰበውን ገንዘብ እሱ ዘንድ ነበር የሚያጠራቅመው። ታዲያ ይህ ደግ ሰው አንድ ክፉ ልማድ ነበረበት፤ የራሱንም ሽያጭ የአስናቀንም አደራ ሳይለይ «ገቢ» እያለ በአንድ ደብተር ይጽፍና ባንክም አንድ ላይ ያስገባዋል። የማን ስንት እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አደራ በጓዳ አይወራም ባይ ነበርና ለውብአለም እንኳ ትንፍሽ ብሎላት አያውቅም። ወይ የሰው ልጅ! ነገም ጤነኛ ሆኖ የሚነሳ ይመስለዋል...

አንድ ማለዳ ሞገስ ሱቁን ሲከፍት ተዝለፍልፎ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል ተባለ። ባሕር ዳር ሆስፒታል ሲደርስ አንደበቱ ተዘግቶ ነበር። ውብአለም ደብተሩን ገልጣ ደመረች፤ በሁለታቸው ስም ባንክ ካለው ጋር ልክ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ መቼ አፈራን? ግራ ገባት። ግን ባሏ እያጣጣረ ይህን ማን ይመረምራል? «አምላኬ ለዚች ቀን አስቀምጦልኝ ነው» አለችና ለቀዶ ሕክምናው ሙልጭ አድርጋ ከፈለች።

አስናቀ ሊጠይቀው መጣ። ከራስጌው ቆሞ «ልጄን ማህሌትን ልቧን አሟት፣ አዲስ አበባ ውሰዳት ብለውኝ...» ብሎ ጀመረና የሞገስን የታሰረ ራስ አይቶ ነገሩን ተወው። «እግዜር ይማርህ ወንድሜ» ብሎ ወጣ። ሰውዬው ምን ሊል ፈልጎ ነበር? ውብአለም ግራ እንደገባት ሸኘችው።

ሞገስ አንደበቱ የተፈታው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ሚስቱ ለመዳኑ የተሳለችውን ስለት ልታስገባ ስትሰናዳ፣

«አስናቀ ገንዘቡን ወሰደ?» አላት።

«የምን ገንዘብ?»

«ለልጁ መታከሚያ ያጠራቀመው ነዋ! ደብተሩ ላይ ካለው እኩሌታው የሱ ነው።»

«እኮ የቱ? የትኛው ነው የሱ?» እያለች ደብተሩን ታገላብጥ ጀመር። ሁሉም «ገቢ» ነው የሚለው።

ሱቁንም ሸጠን እንመልሳለን ብላ ባገኘችው ሚኒባስ አንበሳሜ ደረሰች። የአስናቀ ደጅ ላይ ግን ድንኳን ተጥሏል፤ ዋይታው ከመንገድ ይሰማል። አባት በሬዎቹን ሸጦ፣ ተበድሮ፣ ገንዘቡን እስኪያሟላ የማህሌት ልብ አልጠበቀውም። የተቀበረችው ትናንት ነው!

ውብአለም እግሩ ላይ ተደፋች። «ጋሽ አስናቀ፣ ምነው ያኔ ቢነግሩኝ! እኔ እኮ የኛ መስሎኝ...»

«እንዴት ብዬ እቴ? ሰው በሞት አፋፍ ተኝቶ፣ ከራስጌው ቆሞ ገንዘቤን አምጣ ይባላል?»

ባሏን በማዳኗ ትጸጸት? ወይስ ስለ ዳነላት ደስ ይበላት? ዕድል ሆይ፣ የአንዱን ቤት የምታቀኚው የሌላውን አፍርሰሽ ነውን?

አስናቀ ደግፎ አነሳት። «ለመሆኑ ሞገስ ተሻለው?»

ሌት ተቀን ተንበርክካ የለመነችው ቃል ነበር፤ እዚያ ድንኳን ውስጥ ግን አሳፈራት።

«ድኗል...» አለች በስንት ጭንቅ።

«ተመስገን» አለ አስናቀ፤ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ተንሰቀሰቀ።