ሃያ ሦስተኛው ጀልባ

በፈረንሳይ አገር፣ በቡርጎኝ ገጠር፣ ሰው ቆፍሮ ባበጀው ካናል ላይ ጀልባቸውን ቤት አድርገው የሚኖሩ ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ከአንዲት ትንሽ መንደር ዳር ይሰባሰባሉ። ብርዱ ገብቶ የካናሉ ውሃ ለጥገና ከመውረዱ በፊት አብረው ምሳ ይበላሉ፣ አኮርዲዮን ይሰማሉ፣ ይሰነባበታሉ። አስካለ ላለፉት አሥር ዓመታት ከዚህ ድግስ ቀርታ አታውቅም። ባሏ ኤቲየን ከዛፎቹ ሥር ጠረጴዛ ሲዘረጋ እሷ ከካናሉ ዳር ቆማ ከየጀልባው የሚወረወርላትን ገመድ ትቀልባለች፤ ከብረት ጉቶው ጋር ታስራለች፤ ከዚያ ከኪሷ ወረቀት አውጥታ የጀልባውን ስም ትሰርዛለች። ዘንድሮ የመጣችው ብቻዋን ነው። ኤቲየን በሚያዝያ ወር፣ ጀልባዎች ከፍ ዝቅ እያሉ ከሚያልፉበት የውሃ በር ውስጥ ወድቆ ሞቷል። ጀልባቸውንም ሸጣዋለች።

«ገመዱን ዘንድሮ ለሌላ ሰው እንስጠው?» አሏት ማዳም ኦዲል። የጀልባ ነዋሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸውን ከቀበሩ የቆዩ ሴት። የዳቦ ቅርጫት እንደታቀፉ ፊቷን ፊቷን ያዩአት ነበር።

«የለም ማዳም። እጄ ሥራ ቢይዝልኝ ይሻለኛል።»

«እንዳልሽ። ሃያ ሁለት ጀልባ ነው የምንጠብቀው። ሲደክምሽ ጥሪኝ፣ እሺ?»

ረፋድ ላይ ጉሙ ወረደ። መጀመሪያ ከውሃው ላይ እንደ ጭስ ብን ብን ይል ነበር፤ ቆይቶ ግን ወዲያ ማዶ ያሉትን ዛፎች ዋጠ፣ ድልድዩን ዋጠ፣ በመጨረሻም አስካለ ከቆመችበት አሥር እርምጃ የማይርቀውን የውሃ ዳር መንገድ ሸፈነው። ጀልባዎቹ ከመታየታቸው በፊት ይሰሙ ነበር፤ የሞተራቸው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ሳይለይ በነጩ ጭጋግ ውስጥ ሲንከባለል ይቆይና፣ ድንገት አፍንጫቸው ብቅ ይላል፣ ገመድ ይወረወራል፣ የናፍጣና የረጠበ ቅጠል ሽታ ይከተላል። «አይዞሽ አስካለ» ይሏታል ሰዎቹ ሲወርዱ፤ አንዳንዶቹ ትከሻዋን ይነካሉ፣ አንዳንዶቹ ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው ስለ ጉሙ ያወራሉ። ሃያ ሁለተኛው ሲደርስ የመጨረሻውን ስም ሰረዘች።

ገመዶቹ መጥበቃቸውን ለማየት ዳር ዳሩን ስትሄድ በልቧ ቆጠረች። ሃያ ሦስት ሆኑ። ተመልሳ፣ በእያንዳንዱ ጉቶ ላይ እጇን እያሳረፈች ቆጠረች። ሃያ ሦስት። ከመጨረሻው ጉቶ ላይ፣ ከሌሎቹ በጣም ራቅ ብሎ፣ እሷ ያላሰረችው ወፍራም ገመድ ተጠምጥሟል፤ ከጭቃ ብዛት ጠቁሯል፣ ጫፉ እንደ ጅማት ተወጥሮ ወደ ጉሙ ይገባል። ጎንበስ ብላ ብታሸተው፣ የካናሉ ውሃ የወረደ ጊዜ ከታች የሚወጣው ሽታ ነው፤ የዛገ ብረት፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የሞተ ዓሣ። ወዲያው እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ማዳም፣ ሳይመዘገብ የመጣ ጀልባ አለ?»

«የመዘገብሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?» ማዳም ኦዲል ወደጠቆመቻቸው አቅጣጫ ዓይናቸውን አጥብበው አዩ። «እዚያማ ማንም አያስርም፤ ውሃው ጉልበት እንኳ አይደርስ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነይ፣ ቁጭ በይና ትንሽ እህል ቅመሺ፣ የኔ ልጅ።»

ምሳው ላይ ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር፤ የጀልባ ሰዎች ሲገናኙ ድምፃቸው ይጎላል። አስካለ ግን ከአኮርዲዮኑ ሥር ሌላ ድምፅ ሰማች። እንጨት ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ዝግ ያለ፣ ታጋሽ፣ በር የሚያንኳኳ ሰው እንደሚያደርገው ቆም እያለ የሚደጋገም። በተሰማ ቁጥር ብርጭቆዋ ውስጥ ያለው ውሃ ክብ ሠርቶ ይርገበገባል። የጎረቤቶቿን ብርጭቆ አየች፤ አይንቀሳቀሱም። ማንም ቀና አላለም። ጉሙ ወደ ጠረጴዛው ሲጠጋ የኤቲየን የትምባሆ ሽታ መጣላት፤ ያን ጊዜ ሹካዋን አስቀምጣ ተነሳች።

ቀኑ ገና ስምንት ሰዓት ነበር፣ ነገር ግን የመሸ ይመስላል። ጥቁሩን ገመድ በእጇ እየዳሰሰች ሄደች። ጀልባው ጠባብና ዝቅ ያለ ነው፤ ስም አልተጻፈበትም፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከውሃ ሥር አሁን እንደተነሳ ዓይነት ይንጠባጠባል። ከኋላው ወለል ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጧል። ሰማያዊ የሱፍ ሹራብ ለብሷል፤ ክርኑ ላይ እሷ በቡናማ ክር የጣፈችው ሹራብ ነው፣ ኤቲየን እሱን እንደለበሰ ነው የተቀበረው።

«አስካልዬ፣ ደከመሽ አይደል?»

ድምፁ የሱ ነበር። ገመዱን አጥብቃ ይዛ ቆመች።

«ነይ ቁጭ በይ እንጂ። ቆመሽ ዋልሽ እኮ።»

ለአምስት ወር ደብቃ የያዘችው ነገር ያን ጊዜ ወጣ። ለፖሊሱ፣ ለቄሱ፣ ለማዳም ኦዲል ሁሉ «ጀልባችንን የያዝኩበት ገመድ ተበጠሰ» ብላ ነበር። «አልተበጠሰም» አለች አሁን፣ እያለቀሰች። «እኔ ነኝ የለቀቅኩት። ጀልባው ሲስበኝ መዳፌን አቃጠለኝና ለቀቅኩት። አንተ በውሃ በሩ ግድግዳና በጀልባው መሀል ስትገባ እያየሁ፣ እጄን አቅፌ ቆምኩ።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ዓለም። ሥጋ ለባሽ አይደለሽ? እሳት የነካው እጅ ይለቃል። ማን ይቆጣሻል?»

ይህን ቃል ስንት ሌሊት ተመኝታው ነበር! ከሚያዝያ ወዲህ ደረቷ ላይ የተጫነው ድንጋይ ተንከባሎ የወደቀ መሰላት። ከሩቅ፣ ከጉሙ ወዲያ፣ ማዳም ኦዲል ይጣራሉ፤ «አስካለ! አስካለ!» ድምፃቸው ፍርሃት ነበረበት።

«ተያቸው» አላት፣ ሳይዞር። «ሰው ሲያጣሽ ይጠራል፤ ከዚያ ይለምደዋል። ነይ በይ፣ ሆዴ።»

ከዳር ወደ ጀልባው የተዘረጋው ሳንቃ ከእግሯ ሥር እንደ ረጠበ ሥጋ ተለመጠ፣ እሷ ግን አልቆመችም። ከተሻገረች በኋላ ማንም ሳይነካው ሳንቃው ተነሳ፣ ገመዱም ተፈታ፤ ጀልባውም ሞተሩ ሳይነሳ፣ ውሃውን ሳያንቀሳቅስ፣ ከዳር ራቀ። የማዳም ኦዲል ጥሪ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። እጇን ዘርግታ የሹራቡን ትከሻ ልትነካ ስትል ነው፣ ያ ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያናገራት በአማርኛ እንደነበር፣ ኤቲየን ግን በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራቸው ከስሟ በቀር አንድም የአማርኛ ቃል ከአፉ ወጥቶ እንደማያውቅ ትዝ ያላት።